ዝናብ፣ የኋላ ጎማና ቀኝ እግር

ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰው ስለ መኪናዬ ይጨነቅልኛል። «ዛሬ እንኳ ባታወጣት ምናለበት?» የሚለኝ አላጣም። መኪናዬ መርሴዲስ 190 ናት። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1993 ከተመረቱት አንዷ። ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት ጎማ ደግሞ ከኋላ። ማርሿን የምቀይረው እኔ ነኝ። ስትንሸራተት ደርሶ የሚያስተካክላት ኮምፒውተር የላትም። መርሴዲስና የመኪና ዕቃ አምራቹ ቦሽ ያን ነገር መኪና ላይ ገጥመው ገበያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የእኔዋ ያኔ መንገድ ላይ ነበረች።

ጭንቀታቸው ከንቱ ነው አልልም። ቦታውን ነው የሳቱት። «ፍጥነት ቀንስ» ይሉኛል። ፍጥነትማ እቀንሳለሁ፣ ማን በዶፍ ይከንፋል? ግን ከኋላ የምትገፋ መኪና በዝናብ ሰውን የምታስደነግጠው ብዙ ጊዜ በዝግታ ሲሄዱባት ነው። ከመጋቢ መንገድ ወጥተህ ወደ ግራ ስትታጠፍ። አደባባይ ጨርሰህ ስትወጣ። ዳገት ላይ ቆመህ መሪው እንደተጠመዘዘ ስትነሳ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ቂጧ ወደ ጎን ሲወጣ «እንዴ!» ትላለህ። ፍጥነት የት አለና?

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው መዳፍ በምታክል ቦታ ነው። መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ውጭ እንዳትወጣ የሚይዛት ያች ቦታ ናት። ነዳጅ ስትሰጥ የምትገፋውም ያችው ናት። ደረቅ መንገድ ላይ ለሁለቱም የሚበቃ ጉልበት አላት። መንገዱ ሲረጥብ ግን ጉልበቷ ይቀንሳል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ወይ ትይዛለች፣ ወይ ትገፋለች። ሁለቱንም በአንዴ ካዘዝካት ሁለቱንም ትለቃለች። የፊት ገፊ መኪና ላይ ይሄ ሲሆን አፍንጫዋ ነው ወደ ውጭ የሚሄደው። ሰውም በደመ ነፍስ እግሩን ያነሳና ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ከኋላ ስትገፋ ግን ጅራቷ ነው የሚቀድምህ።

ስለዚህ በዝናብ የምጠብቀው ሕግ አንድ ነው። መሪው በተጠመዘዘ መጠን ነዳጁ ይቀንሳል፤ መሪው እየተቃና ሲመጣ ነዳጁ ይጨመራል። መጀመሪያ ታጠፍ፣ ከዚያ ግፋ። ከቆምኩበት በማርሽ አንድ ስነሳ ኋላዋ ሙልጭ የምትል ከመሰለኝ በሁለት እነሳለሁ። ፍሪሲዮኑ ትንሽ ይለፋል፣ ይልፋ። ማርሽ አንድ ወደ ጎማው የሚልከው ጉልበት ከሁለት በጣም ይበልጣል። እርጥብ አስፋልት ያን ሁሉ አይፈልገውም።

እግሬን ካነሳሁ አይቀር ስለ ጫማም ልናገር። መኪና ውስጥ ስገባ የጫማዬን ሶል ምንጣፉ ላይ እጠርጋለሁ። የሚያይ ሰው «ምን ያህል ጽዱ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ ሌላ ነው። የረጠበ ሶል ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ያዳልጣል። ፔዳሉ ካመለጠህ ሞተሩ ከጎማው ጋር በድንገት ይገናኛል። ያ ድንጋጤ ሄዶ የሚያርፈው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። መታጠፊያ መሀል ላይ ከሆንክ እንግዲህ ፈጣሪ ይድረስልህ።

የእህቴ ልጅ መንዳት የተማረችው በፊት ገፊ መኪና ነው። የእኔዋን አንዳንዴ ትነዳለች፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ካፊያ ላይ ረጅም ኩርባ ገባን። መሀሉ ላይ ስትደርስ ኩርባው ከጠበቀችው በላይ ጠበበባት። እግሯን ከነዳጁ ላይ ሙሉ በሙሉ አነሳች። ኋላዋ ወዲያው ስልል ብላ ወደ ውጭ ወጣች። ብዙም አልሄደችም፣ ተመለሰች። የልጅቷ ፊት ግን ነጣ።

«አጎቴ፣ እኔ ነዳጅ አልረገጥኩም! እግሬን አነሳሁ እኮ! ስትፈሪ አንሺ አላልከኝም?»

«አንሺ ብያለሁ። ንጠቂ ግን አላልኩም።»

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እግርህን ድንገት ስታነሳ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። ፊቷ ዝቅ፣ ኋላዋ ቀለል ይላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ አይዝም። በዚያ ላይ ሞተሩ እንደ ፍሬን መያዝ ይጀምራል። በእኔ መኪና ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ጎማዎቹ መዞሪያው ላይ እየታገሉ ሳለ የእጅ ፍሬን ትንሽ እንደመሳብ ቁጠረው። ታዲያ ምን ይደረግ? ነዳጁን ቀስ እያሉ መቀነስ ነው፣ ከእግር ጣት ሥር የሆነ ነገር ቀስ ብሎ እንዲነሳ እንደመፍቀድ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ፍጥነቱን ኩርባው ሳይደርስ፣ መሪው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ መጨረስ ነው።

ማርሽ መቀነስም ያው ነው። ከአራት ወደ ሁለት ወርደህ ፍሪሲዮኑን ብትለቀው የኋላ ጎማዎቹ ለአፍታ ከመንገዱ ፍጥነት በታች ይዞራሉ። በደረቅ መንገድ መኪናዋ ብቻ ትነቀነቃለች። በዝናብ ግን ትሾራለች። በመሀል ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ማለስለስ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሹን ከመውረዴ በፊት እይዘዋለሁ እንጂ ወርጄ መሀል ላይ አልፈልገውም።

አውቶማቲክ የምትነዱ እፎይ እንዳትሉ። አውቶማቲኩ ነዳጅ ጠለቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ ራሱ ማርሽ ይቀንሳል። አደባባይ ላይ እየዞራችሁ «ቶሎ ልውጣ» ብላችሁ ብትረግጡት፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ለአፍታ ያስብና ጉልበቱን በአንዴ ይለቀዋል። እናንተ ያዘዛችሁት ትንሽ ነው፣ እሱ የሚያመጣው ብዙ። የበረዶ ምልክት ያለበት ቁልፍ ካላችሁ በዝናብም ያገለግላል። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ በሁለተኛ ማርሽ ያስነሳል፣ ነዳጁንም ያለዝባል። ፍጥነትን ራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል ግን በዝናብ አጥፉት። እሱ ውሃ አያይም። ፍጥነቱ የቀነሰ ሲመስለው ነዳጅ ይጨምራል፣ ያውም ለመጨመር ባልሆነ ሰዓት።

አሁን ወደ ጎማ። እዚህ ላይ ከጎሚስታ ጋር ተከራክሬያለሁ። ሁለት አዲስ ጎማ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ሳይጠይቀኝ ፊት ሊገጥማቸው ክሪኩን አስገባ።

«ጋሼ፣ አዲሱ ፊት ነው የሚሆነው። መሪው ፊት አይደል እንዴ?»

«የኔ ልጅ፣ ኋላ አድርግልኝ።»

«እንዳሉ ጋሼ፣ ግን ማንም እንዲህ አያደርግም።»

ያደርጋል። ትልልቆቹ የጎማ አምራቾች ራሳቸው ይመክራሉ፤ መኪናዋ የፊት ገፊ ትሁን የኋላ፣ ጥርሱ ያላለቀው ጎማ ኋላ ይሁን ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊት ጎማ መያዝ ሲያቅተው መሪው ይቀልሃል፣ መኪናዋ ወደ ውጭ ትገፋለች፤ ታውቀዋለህ፣ ታበርዳለህ፣ ትመለሳለች። ፊቱ አዲስ ኋላው ያለቀ ከሆነ ግን የፊቱ ውሃውን እየቀደደ ይሄዳል፣ መሪህም «ሁሉ ሰላም» ይልሃል። ኋላው ግን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። የምታውቀው መኪናዋ ዞራ የመጣህበትን መንገድ ስታይ ነው። ከኋላ ለምትገፋ መኪና ደግሞ ያ ያለቀ ጎማ ገፊውም ጭምር ነው።

አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጥርስ አለው። በብዙ አገር ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሕግ ይፍቀድ፣ እኔ ኋላ ላይ 3 ከደረሰ እቀይራለሁ። ጥርስ ማለት የውሃው መሄጃ ቦይ ነው። ቦዩ ከሌለ ውሃው ጎማው ሥር ይቀራል። ጥርሱ ያለ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀም አለ። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ ግን ብዙ ዓመት የቆመ ጎማ ለዓይን ያምራል። እርጥብ መንገድ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ያዳልጣል።

የጎማውን ነፋስ ደግሞ አትናቁት። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ለአውሮፕላን ጎማ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው ጥናት ላይ ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ከነፋሱ ግፊት የሚያሰላ ቀመር አለ። ለመኪና ግምት ብቻ ነው፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል። ውሃው ጥርሱ ሊያስወጣው ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ 36 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይንሳፈፋል። ያው ጎማ ወደ 25 ከወረደ 83 ላይ ይንሳፈፋል። «ዝናብ ነው፣ ትንሽ ነፋስ ቀንሼ ልያዝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ እውነት አላቸው። ውሃ ባቆረ አስፋልት ላይ ግን ተቃራኒው ነው።

ከኋላ የምትገፋ መኪና ስትንሳፈፍ የምታሳይህ አንድ ምልክት አለ፣ እኔ እወደዋለሁ። ጎማው የሚታገለው መሬት ስላጣ በባዶው ይሾራል። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የዙር ቆጣሪው መርፌ ብድግ ይላል፣ መኪናዋ ግን አልፈጠነችም። ያን ስሰማ መሪውን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፣ ነዳጁን በለስላሳው እቀንሳለሁ፣ ፍሬን አልነካም። ጎማው እየሾረ መሬት ሲያገኝ በድንገት ይይዛል፣ መሪው ያን ጊዜ ጠማማ ከሆነ መኪናዋ ወደ ጠመመበት ትወረወራለች።

ጅራቷ ከወጣ ደግሞ ዓይን የሚሄደው መሄድ ወደምትፈልግበት ነው። ምሰሶውን ካየኸው ምሰሶው ጋ ትሄዳለህ። መሪውን ጅራቷ ወደሄደችበት ጎን ታዞራለህ፣ ፍሪሲዮኑን ትረግጣለህ፤ ያኔ የኋላ ጎማዎቹ ከሞተሩ ነፃ ሆነው መያዝ ይጀምራሉ። እስከዚህ ብዙ ሰው ይደርሳል። ብዙው የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማው ሲይዝ መኪናዋ በሌላው በኩል ትመለሳለች። መሪውን ያኔ ቶሎ ካላቃናህ ሁለተኛው ውርወራ ከመጀመሪያው ይብሳል። እጅህ ማዞር ብቻ ሳይሆን መመለስም ይልመድ። ባዶ ሰፊ ሜዳ ካገኛችሁ በዝግታ ሞክሩት፣ ወሬ አያስተምርም። መኪናችሁ ማረጋጊያ ኮምፒውተር ካላት ደግሞ አታጥፉት። በአውሮፓ ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ የሆነው ለጌጥ አይደለም።

ፒካፕ የምትነዱ ባዶ መኪና ይዛችሁ ስትመለሱ ከእኔ የባሰ ነው ያላችሁት። ባሌስትራው (ኋላውን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ለጭነት የተሠራ ነው፣ ባዶውን ደረቅ ነው፣ ኋላው ላይ ክብደት የለም። አሸዋ የሞላ ጆንያ የሚጭኑ አሉ፣ ይረዳል። ግን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው አክስ በላይ ወይም ከእሱ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን፣ በደንብም ይታሰር። ጫፍ ላይ ካስቀመጣችሁት መኪናው ሲዞር ጆንያው ይጎትተዋል።

ለእኔዋም ፍርድ እንስጣት እንጂ። እርጥብ ዳገት ላይ ቀጥ ብላ ስትነሳ ክብደቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማለትም በሚገፋው ጎማ ላይ። የፊት ገፊዎቹ ጎማቸው እዚያው ሲሾር እሷ ዝም ብላ ትወጣለች። ከኋላ ወንበር ሰው ካለ ደግሞ ይብስ ይሻላታል።

ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ካፊያ ከዶፉ ይከፋል። መንገዱ ላይ የተከማቸው ዘይትና አቧራ ገና ሳይታጠብ ይላቆጣል። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም፣ የብረት ክዳን፣ የድልድይ መጋጠሚያ ብረት፣ እነዚህ ላይ ነዳጅም ፍሬንም አልሰጥም፣ እንዲሁ አልፋቸዋለሁ። ከፊቴ ካለው መኪና ጋር በደረቅ የምተወውን ርቀት እጥፍ አደርገዋለሁ። ክፍተቱን አይቶ የሚገባበት ሰው አይጠፋም። ይግባ፣ እንደገና ወደ ኋላ እላለሁ።

ጥልቀቱን ያላወቅኩት ውሃ ውስጥ አልገባም፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ለማንሳት ይበቃዋል። ጥልቀት የሌለው ውሃ አቋርጬ ስወጣ ፍሬኑን ቀለል አድርጌ እየነካሁ ትንሽ እሄዳለሁ፣ እንዲደርቅ። መጥረጊያው በመጨረሻው ፍጥነት እየሠራ መንገዱ ካልታየኝ ደግሞ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቼ እቆማለሁ። ዳር ይዞ ግማሽ ጎማ አስፋልት ላይ ትቶ መቆም አይሆንም፣ ከኋላ የሚመጣውም እንደ እኔ አያይም።