ባንኩ «በስምዎ ምንም የለም» ካለኝ በኋላ የፒፒአይ ገንዘቤን እንዴት አስመለስኩ

ይሄን የምጽፈው እንግሊዝ አገር ላለን ሐበሾች ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፤ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ወርና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፒፒአይ ከክሬዲት ካርድና ከብድር ጋር ተለጥፎ ይሸጥ የነበረ ኢንሹራንስ ነው። ብትታመሙ ወይም ከሥራ ብትወጡ ወርሃዊ ክፍያችሁን ይሸፍናል ተብሎ ነበር። ካርድ ላይ የሚሰላው በየወሩ ባለባችሁ ዕዳ ልክ ነው፤ ከየመቶ ፓውንዱ ብዙ ጊዜ 80 ፔንስ ገደማ። ትንሽ ይመስላል። ግን ዕዳው ላይ እየተደመረ እሱም ወለድ ይወልዳል።

እኔ ሚኒካብ እነዳ ነበር። በግሌ ነው የምሠራው፤ የሚያባርረኝ አሠሪ የለኝም። ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚከፍሉት ሥራውን ጨርሶ ከዘጋ ብቻ ነበር። ካርዱን የሸጠልኝ ሰው ሥራዬን እንኳ አልጠየቀኝም። «ይሄን ብትጨምር ቶሎ ይፀድቅልሃል» ብቻ አለኝ።

እንዲህ ያላግባብ የተሸጠለት ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ለባንኩ ቅሬታ ማቅረብ ይችል ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ኦገስት 29 ቀን 2019 ነበር። የፋይናንስ ድርጅቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍሲኤ የአርኖልድ ሽዋዝኔገርን ጭንቅላት በማስታወቂያ እያሳየ ሲወተውት ከረመ። ፎርሙን ኦንላይን ሞላሁ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ «በስምዎ የተመዘገበ ፒፒአይ አላገኘንም።» ብዙ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ነው የተዉት። እኔ ግን መክፈሌን አውቃለሁ።

ነገሩ ስማችን ነው። ካርዱን ስከፍት ባንኩ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዘገበ። በኋላ የእንግሊዝ ፓስፖርት ሳወጣ መጨረሻ ላይ የገባው የአባቴ ስም ነው። በዚያ ላይ የፊደል ግድፈት አለ፣ በየዓመቱ የምቀይረው የኪራይ ቤት አድራሻ አለ። ኮምፒውተሩ የፈለገው በዛሬው ስሜና በዛሬው አድራሻዬ ብቻ ነው።

ስልክ ስደውል የሚያነሳው ሰው ሁሌ ሌላ ነው። አንዱ የድሮውን የካርድ ቁጥር ካልሰጠኸን አንረዳህም ይላል። ሌላዋ ካርዱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ መረጃው ተሰርዞ ይሆናል ትለኛለች። አንዳቸውም በሌላ ስም ልፈልግልህ አላሉኝም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በዚያ በተጣመመ ስም በየወሩ ገንዘቤን ሲወስዱ አንድም ቀን አልተቸገሩም። መልሱ ሲባሉ ነው ሰውየው የጠፋባቸው።

ኦፊሴላዊው ምክር «ወረቀት ባይኖርህም ችግር የለም፣ ባንኩ ይፈልግልሃል» የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። መንገዱን የከፈተልኝ ባንኩ ስለኔ የያዘውን መረጃ ሁሉ በጽሑፍ መጠየቄ ነው። ከሜይ 2018 ወዲህ በነፃ ነው፤ በመደበኛው የአንድ ወር ጊዜ አላቸው። ስሜ የተጻፈባቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ የኖርኩባቸውን አድራሻዎች ከነፖስት ኮዳቸው ዘርዝሬ በሪኮርድድ ፖስታ ላክሁ። ወፍራም ፖስታ መጣ። ስቴትመንቶቹ ላይ ኢንሹራንሱ በየወሩ ቁጭ ብሏል።

ቀኑ ሳያልፍ ቅሬታዬን እንደገና አስገባሁ። አሁን ደግሞ «የካርድ ማመልከቻው ላይ ኢንሹራንሱን እፈልጋለሁ የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል፣ ስለዚህ ተስማምተዋል» አሉ። የሰጡኝ ከኮሚሽኑ፣ ማለት ባንኩ ኢንሹራንሱን ስለሸጠ ከክፍያዬ ለራሱ ከወሰደው ድርሻ፣ የተወሰነውን ብቻ ነው። ይሄ በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሌቪን ጉዳይ ከወሰነ በኋላ የመጣ አሠራር ነው። ኮሚሽኑ ከክፍያው ከግማሽ በላይ ሆኖ ካልተነገራችሁ፣ ከግማሽ በላይ ያለው ይመለስ ነበር። ብዙ ሰው ይሄንን ተቀብሎ ዝም አለ። እኔ አልተቀበልኩም። ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ሄድኩ። ነፃ ነው፤ ከባንኩ የመጨረሻ መልስ በኋላ ስድስት ወር አላችሁ። በግሌ እንደምሠራ በግብር ወረቀቴ አሳየሁ። ፈረዱልኝ። የከፈልኩት ሁሉ ከነወለዱ፣ በላዩ ላይ በዓመት 8 በመቶ ተጨምሮበት ተመለሰ። በራሴ ኮርቻለሁ።

ከ8 በመቶው ላይ ባንኩ 20 በመቶ ግብር ቆርጦ ነው የሚከፍለው። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ አር40 በሚባለው ፎርም ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። ይሄንንም ማንም አይነግራችሁም።

የፒፒአይ በር ተዘግቷል። አሁን ተራው የመኪና ፋይናንስ ነው። ሻጩ ኮሚሽኑ እንዲጨምርለት ወለዳችሁን ከፍ የሚያደርግበት አሠራር የታገደው ጃንዋሪ 2021 ላይ ነው። ከዚያ በፊት በፋይናንስ ፕሪየስ የገዛችሁ ሾፌሮች ብዙ ናችሁ። «እናስመልስልሃለን» ለሚል ድርጅት አትፈርሙ፤ ሥራው ለአበዳሪው ድርጅት የቅሬታ ደብዳቤ መጻፍ ነው፣ እነሱ ግን ከገንዘባችሁ ይቆርጣሉ። «ምንም የለም» የሚል መልስ ከመጣ ውሉ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ ፈልጉ፤ የድሮ አድራሻችሁንም ጨምራችሁ እንደገና ጻፉላቸው።