አባት ከጦር ግንባር የላካቸውን ደብዳቤዎች እንዴት እናቆያቸው?

«እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።» በ1970 ዓ.ም. ከኦጋዴን ግንባር ለሚስትና ለልጆች የተላከ ደብዳቤ በሳጥን ታችኛው ክፍል ተጣጥፎ ከተገኘ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ።

ትልቁ ጠላት ስፒልና የስቴፕለር ሽቦ ነው። ብረቱ ሲዝግ ወረቀቱን ይበላዋል። ሽቦውን በኃይል አትጎትቱት፤ በወረቀቱ ጀርባ የታጠፉትን እግሮቹን በቀጭን ቢላዋ ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉና በፊት በኩል አውጡት። እጥፋቱ ላይ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆንና ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ላሚኔሽን (በፕላስቲክ ማሸግ) ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ ምክንያቱም አንዴ በሙቀት ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። የተጣጠፈውን ዘርግታችሁ በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መካከል፣ ከመጽሐፍ ክብደት ሥር ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት። ውኃ አታስነኩት፤ አንዳንዱ ቀለም ወዲያው ይፈሳል።

ፖስታውን ፈጽሞ አትጣሉ። ደብዳቤው ቀን ባይኖረው እንኳ ማኅተሙ ሊነግራችሁ ይችላል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ፦ ጥቅምት 1970 በ1977 ነው የሚውለው፣ ካራማራ ድል የተደረገበት የካቲት 26 ቀን 1970 ግን መጋቢት 5 ቀን 1978 ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን) ስካን አድርጉ፤ የወረቀቱን ጀርባም ጭምር። ልጆቹን በስም እየጠራ የሚስመው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ጠርዝ ላይ፣ ቦታ ሲያልቅበት በጠባቡ ነውና ጠርዙን አትቁረጡ።