የባሻ ጺም

ዛሬ ባሻ በላ። ሦስት ፌንጣ፣ ከዚያም ደቅቆ የተከተፈ ጎመን። ከሁለት ሳምንት በላይ አፉን ዘግቶ ነው የከረመው።

ባሻ የልጄ ጺማም እንሽላሊት ነው። የዘሩ አገር አውስትራሊያ ሲሆን እርሱ የተፈለፈለው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ድንጋዩ ላይ ተጎልቶ አገጩን ቀና ሲያደርግ ዳኝነት የተቀመጠ ሽማግሌ ይመስላል። እናቴ በስልክ ሰምታ «እንሽላሊት ይባረራል እንጂ ይቀለባል እንዴ?» ብላኛለች።

ጺሙ ሲጠቁር መጀመሪያ ስቄ ነበር። ተቆጣ አልን። ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ጉሮሮውን ነፍቶ እንደሚያጠቁር አውቃለሁ። ያላስተዋልኩት አለመልቀቁን ነው፤ የባሻ ጥቁረት ውሎ አደረ። ሆዱ ላይም ጠቆር ያሉ ሰረዞች ወጡ፤ መብራቱን ሸሽቶ ጥግ ላይ ተለጥፎ መዋል ጀመረ። ብርድ ስለገባ እንቅልፉ ነው አልኩ። እነዚህ እንስሳት በብርድ ወራት ለሳምንታት ያንቀላፋሉ ሲባል ሰምቼ ነበርና ለስንፍናዬ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ መዳፌ ላይ እንዳለ የፊት እግሩ ጣቶች ተንቀጠቀጡ። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲነዝር ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

ሐኪሟ ስለ ምግቡ ከመጠየቋ በፊት «አምፖሉን የገዛችሁት መቼ ነው?» አለችኝ። ይበራል እኮ አልኳት። ለካስ አምፖል እየበራም ይሞታል! ለዓይን የሚታየው ብርሃን ሳይቀንስ አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታየው ጨረሩ በወራት ውስጥ ይደክማል፤ የእኛው ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ያለዚያ ጨረር ቆዳው ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ ያለ ቫይታሚን ዲ የበላው ካልሲየም አይጠቅመውም፤ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ መበደር ይጀምራል። የታችኛውን መንጋጋውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ «ገና አልላላም» አለች። መስኮት ሥር ፀሐይ አሞቀው ነበር ብዬ ልከራከር ስል፣ መስታወቱ ጨረሩን እንደሚያስቀረው ነገረችኝ። ዝም አልኩ።

ያኮራኝ ጎመኑ ብቻ ነው። ስፒናች ካልሲየሙን አስሮ ይይዛል፤ ከእኛ ድስት ተቀንሶ ጥሬውን የሚሰጠው ጎመን ግን ከሚመረጡለት ቅጠሎች አንዱ ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም።

አሮጌውንና አዲሱን አምፖል ጎን ለጎን አብርቼ አየኋቸው። ምንም ልዩነት የላቸውም። ልጄ አዲሱ ላይ የተገዛበትን ቀን በብዕር ጻፈችበት። የባሻ ጺም ወደ ገለባ ቀለሙ እየተመለሰ ነው፤ በግራ በኩል ብቻ ገና ጠቆር ይላል።