«ልጄ ወንጀለኛ ይባል እንጂ እብድ አይባልብኝ»

እንዲህ ያሉኝ የተከሳሹ እናት ናቸው። ደሴ ላይ በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ የደረሰኝ መዝገብ ነው። የባለጉዳዮቹ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ትቻለሁ።

ልጁ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሃያዎቹን ገና መጀመሩ ነው። ጎረቤታቸው የሆኑ ሽማግሌ ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ ከበር ወጥቶ በዘነዘና ጭንቅላታቸውን መታቸው። ሽማግሌው ተረፉ። የአንድ ጆሯቸው መስማት ግን አልተመለሰም። ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555፣ ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ከሰሰው።

ማረሚያ ቤት ሄጄ አነጋገርኩት። ትሑት ልጅ ነው። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ በደንብ ነገረኝ። ስለዚያ ምሽት ስጠይቀው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እጁን አንስቶ «ቆይ፣ ይጨርሱ» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

እናትየውን ጠየቅኋቸው። «ኧረ በማርያም! ምንም የነካው ነገር የለም። ጠላት ነው ያሳሳተው» አሉኝ። ደጋግሜ ስጠይቃቸው ነው ከላይ ያለውን የተናገሩት። ታላቅ እህቱን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ቤቱ ውስጥ የአእምሮ ሕመም አለ ከተባለ ነገሩ ይቆማል፤ «ዘራቸው ነው» ይባላል። እስር ያልፋል፣ ይህ ስም ግን አያልፍም ብለው አስልተዋል። አልፈረድኩባቸውም። ይህን ስሌት ብቻቸውን አልፈጠሩትም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያሰላው ነው። ግን ልጃቸውን ሊያስፈርድበት ነበር።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚለው ግልጽ ነው። የሚቀጣው ለሥራው ኃላፊ የሆነ ሰው ብቻ ነው። በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ፣ የሚያደርገውን ወይም ውጤቱን መረዳት ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይደለም። ቢረዳም እንኳ ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው እንደዚሁ ነው። ዋናው ነገር «በፈጸመበት ጊዜ» የሚለው ነው። የበሽታ ስም ብቻውን አያድንም። ፍርድ ቤት ቀርቦ በሥርዓት መናገሩም በራሱ አያስቀጣም። የሚጠየቀው ያች ሰዓት ናት።

ስለያች ሰዓት ደግሞ የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ዝም ካለ ሐኪሙም ዳኛውም በጨለማ ይዳብሳሉ።

ሽማግሌ ሊላክላት የነበረችው እህት ራሷ ናት የመጣችው። ለእናቷ ሳትነግር፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ደረሰች። ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የልጁ የአእምሮ ሕክምና ክትትል ካርድ ነው። አራት ላይ ታጥፎ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። በየወሩ የሚወጋው መርፌ ቀን በቀን ተጽፎበታል፤ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ አጠገብ የነርስ ፊርማ አለ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ላይ ግን ፊርማ የለም። «ጸበል ልናስገባው ብለን ነው ያቋረጥነው» አለችኝ። እኔም ጸበል አምናለሁ። ጸበሉ መርፌውን እንዲያስቀር የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችሉ ነበር። ሽማግሌው የተመቱት በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው።

ካርዱን አያይዤ አንቀጽ 51 ይፈጸምልን ብዬ አመለከትኩ። የተከሳሹ ኃላፊነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ ያዛል። የአእምሮ መታወክ ምልክት ከታየበት ደግሞ ምርመራው ግዴታ ነው። ልጁ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ተልኮ ተመረመረ። ውጤቱ ስኪዞፍሬኒያ የሚል ነበር፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ እውነቱን ከቅዠት የሚያደባልቅ የአእምሮ ሕመም ነው።

የችሎቱ ቀን ጥሩ ዐቃቤ ሕግ ነበር የቀረበው፤ ጥያቄዎቹ ተገቢ ነበሩ። «ዘነዘናውን የውኃ በርሜል ውስጥ ደብቋል። ጥፋት መሆኑን ባያውቅ ለምን ይደብቃል?» አለ። ሐኪሙ ልጁ በምርመራ ጊዜ የተናገረውን አስረዱ። ዘነዘናው ያናግረው ነበር፤ ውኃ ውስጥ የከተተው ዝም እንዲል ነው። ቀጥሎ ጫት መጣ። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ጥያቄ አይቀርም። አንቀጽ 50 አስቦ ወይም በቸልታ ራሱን አደንዝዞ ወንጀል የሠራን ሰው አያድንምና። ሐኪሙ ሕመሙ በካርዱ ላይ ቀድሞ መመዝገቡን አሳዩ። ጫት ባልቀመሰባቸው የእስር ወራትም ድምፆቹ እንዳልተዉት ተናገሩ። በመጨረሻ «ስለዚህ ኃላፊ አይደለም» ሲሉ ግን ሰብሳቢው ዳኛ አቋረጧቸው። «ዶክተር፣ ሕመሙን ይንገሩን። ኃላፊ ነው አይደለም የሚለውን ለእኛ ይተዉልን።» ልክ ነበሩ። ሕጉ ዳኛውን የሚያስረው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት እንጂ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ችሎቱን ያሳመነው ግን የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነው። ተጎጂው ሽማግሌ። በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ዞር ብለው ጥያቄውን አዳመጡና «ሲመታኝ በማላውቀው ሰው ስም ነው የጠራኝ» አሉ። «ይህን ልጅ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ውዱእ የማደርግበትን ውኃ ቀድቶ የሚሰጠኝ እሱ ነበር። ወላሂ፣ ያን ቀን አላወቀኝም።» የተጎዳ ሰው ይህን ለመናገር ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው አስቡት።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1843 ማክናተን የሚባል ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ፒልን ጸሐፊ በጥይት ገድሎ በእብደት ምክንያት ነፃ ሲወጣ አገሩ ተቆጥቶ ነበር። ከዚያ የወጣው መመዘኛ የሚጠይቀው ዕውቀትን ነው፤ የሚሠራውን ያውቅ ነበር ወይ? ጥፋት መሆኑንስ? የእኛ ሕግ ሁለተኛ በር አለው፤ ራሱን መግዛት ይችል ነበር ወይ ይላል። በስዊዙ ምሁር በዣን ግራቨን ከተረቀቀው ከ1949ኙ ሕግ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔ የእኛን እመርጣለሁ። የሚያደርገውን እያየ ማቆም የሚያቅተው ሕመምተኛ አለ።

ፍርድ ቤቱ ኃላፊ አይደለም አለ። ከችሎት ስንወጣ ደጁ ላይ «አብዶ ተለቀቀ» ሲባል ሰማሁ። አልተለቀቀም። ከፊል ኃላፊ ቢባል ኖሮ ቅጣቱ ይቀልለት ነበር፤ እሱ ግን ከነጭራሹ ቅጣት የለበትም። በቅጣት ፋንታ ሕክምና ታዘዘለት፤ የታዘዘውም ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው።

እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «መቼ ነው የሚወጣው?» ቅጣት ቢሆን ቁጥር ነበረው፤ አምስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እላቸው ነበር። ይህ ቁጥር የለውም። ፍርድ ቤቱ በየሁለት ዓመቱ እንደገና ያየዋል፤ ምክንያቱ ሲቀር እርምጃው ይነሣል። ይህንኑ ነገርኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው «እሺ፣ መርፌውን ግን እንዳያቋርጡበት ንገርልኝ» አሉ። ከአፋቸው «መርፌ» የሚለውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለሆስፒታሉ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ካርዱ አብሮ እንዲሄድ አደረግን።

እህትየዋም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለእጮኛዋ ሁሉንም ነግራዋለች።

አሁን ቤተሰብ ሲመጣልኝ «አእምሮውን ታሞ ያውቃል?» ብዬ አልጀምርም። እንቅልፉ እንዴት ነበር? ብቻውን ያወራ ነበር? ምግብ የተመረዘ ይመስለው ነበር? ክሊኒክ የሚሄድበት ቀን ነበረው? በዚህ በኩል ሲሆን እናቶች ይመልሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እያለቀሱ፣ ግን ይመልሳሉ። መልሱን ይዤ በዚያው ቀን ለክሊኒኩ ማስረጃ መጠየቂያ እጽፋለሁ።