የሰባተኛ ወር ማስታወሻ፦ "መኪና" ከየት መጣ?

ጣልያንኛ ከጀመርኩ ሰባት ወር፣ ላቲን ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በዚህ ሳምንት አዲስ ሰዋስው አልነካሁም። ጊዜዬን ሁሉ የወሰደው አንድ ቃል ነው፤ እኛም "መኪና" ብለን ከጣልያኖች የወሰድነው።

ነገሩ የተጀመረው በአነባበብ እርማት ነው። አስተማሪዬ "ኪ"ን አጥብቄ፣ የመጀመሪያዋን "ማ" ደግሞ ጫን ብዬ "ማክኪና" እንድል ነገረችኝ። እኔ እንደ አገሬ አላልቼ ነበር የማነበው። "አለ" ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል እንደሚሆን ለሚያውቅ ጆሮ ይህ አይከብድም። ላቲኑን ስገልጥ ግን እዚያ ላልቶ አገኘሁት፤ "ማኪና"። ቀጥዬ "ፋብሪካ"ን አየሁ። ላቲኑ "ብ"ን ያላላል፣ ጣልያንኛው ያጠብቃል። ሴት ማለት የሆነው "ፌሚና"ም "ሚ"ው ላይ እንዲሁ ነው። በሦስቱም የሚጫነው ከመጨረሻው ሦስተኛው ክፍለ ቃል ነው፤ ጣልያንኛ በእንዲህ ያሉ ቃላት ላይ ተከታዩን ድምፅ ደጋግሞ ያጠብቃል።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የ"ማ" ታሪክ ነው። ቃሉ ወደ ላቲን የገባው ከግሪክ ነው። አቴናውያን "ሜካኔ" ሲሉ ዶሪክ የሚባለውን የግሪክ ዘዬ የሚናገሩት "ማካና" ይሉ ነበር። በደቡብ ጣልያን ታራንቶን፣ በሲሲሊ ሲራኩዝን የቆረቆሩት ደግሞ ዶሪክ ተናጋሪዎች ናቸው። ሮማውያን ቃሉን የሰሙት ከእነዚህ ጎረቤቶች እንደሆነ ያቺ "ማ" ትመሰክራለች። "ሜካኒኩስ" የሚለው የላቲን ዘመዱ ግን በሌላው በር፣ በአቴናውያኑ "ሜ" ስለገባ ጣልያንኛ ዛሬም "ማክኪና" እና "ሜካኒኮ" ብሎ ይለያቸዋል። እኛ መኪናንም መካኒክንም በ"መ" ጀምረን መልሰን አንድ ቤት አስገባናቸው!

ለሮማውያን ድንጋይ ማንሻውም፣ ቅጥር ማፍረሻውም፣ ተንኮሉም "ማኪና" ነው። ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል የትሮይን የእንጨት ፈረስ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። በጣልያን ቪተርቦ ከተማ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 3 ማታ መቶ ያህል ወንዶች በትከሻቸው የሚሸከሙት፣ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም ማማም "የሳንታ (ቅድስት) ሮዛ ማክኪና" ይባላል፤ ሞተር የለውም። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። "መኪናዬን ዘይት አጠጣልኝ" ስትለኝ የልብስ ስፌቷን ማለቷ ነበር። የጽሕፈት መኪናም አለን፤ ሰፊው ትርጉም እኛም ቋንቋ ውስጥ ይኖራል።

ለሚቀጥለው ሳምንት "ፖስታ"ን ይዣለሁ። ላቲኑ "ፖሲታ" ነው፣ "የተቀመጠች" ማለት። ከመቀመጥ ወደ ደብዳቤ እንዴት እንደተደረሰ ደረጃ በደረጃ እጽፍላችኋለሁ።