ቀበሮ ለማዳን ውሻ ከመክተብህ በፊት አንተ ተከተብ

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ዙሪያ ውሻ የምንከትበው ለውሻው ብለን ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፤ ለመራባት የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ለአደን ለየብቻው ይውጣ እንጂ ኑሮው በመንጋ ነው፤ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። ከውሻ በሽታ የተጋባበት አንድ ቀበሮ መንጋውን ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ወብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ጨርሷል።

ሥራው ራሱ አያስቸግርም። ለቀበሌው ቀድመህ አሳውቅ፣ ክትባቱን ከበረዶ ሳጥኑ አታርቅ፣ ውሻውን ባለቤቱ ይያዘው፣ የማጅራቱን ቆዳ ሳብ አድርገህ ውጋ፣ ካርድ ስጥ። በሥራ ቀን ሂዱ የሚሏችሁን ግን አትስሙ። በሥራ ቀን ገበሬው እርሻ፣ ውሻው ከብት ጥበቃ ላይ ነው። በሚካኤል ወይም በማርያም ዕለት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድረሱ። በሽታውን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለበት፤ ይህ ደግሞ ሰው ቤት በማይገኝበት ቀን አይሞላም።

የበዓሉን ዘዴ ያመጣው ጓደኛዬ ነበር። «ውሻ ሲከተብ ይፈዛል፣ ጅብ አያባርርም» የሚሉትን ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያዳምጥና፣ «አባባ፣ እሱ አብዶ ልጅዎን ቢነክስብዎ አይብስም?» ይላቸዋል። ተነሥተው ውሻቸውን ራሳቸው ይዘውለት ይመጣሉ። ቀበሮ አይጥ ሲያደባ ካየ ደግሞ ጓሳው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ሥራ ጠብቆን እንኳ፣ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ዘመቻው ሲጀመር የአበል መፈረሚያ ቅጽ፣ ጓንትና ባርኔጣ ተሰጠን። የእኛስ ክትባት ብለን ጠየቅን። «በእቅዱ አልተያዘም» አሉን።

አንዲት ቡችላ የዚህን ጓደኛዬን አውራ ጣት ነከሰችው። እዚያው በሳሙና አጠበው። ጤና ጣቢያ የተቀበለን ባለሙያ ጣቱን አየት አድርጎ፣ «ጭረት ናት፤ ውሻዋን አሥር ቀን ጠብቋት» አለ። ስንመለስ ቡችላዋን ሰፈርተኛው ቀጥቅጦ ገድሏታል፤ ምኗን እንጠብቅ? ተመልሰን ሄድን፤ ክትባቱ አልቋል። ወደ ከተማ ለመሄድ የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙን የቆለፈው ኃላፊ ሥልጠና ሄዷል። በስንት ልመና ከተማ ደረስን፤ «የሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» አሉን። ገባ ሲሉን ሄድን፤ አልገባም ነበር። ሌላ ከተማ ሊልኩን ሲነጋገሩ «ክንዴን ይነዝረኝ ጀመር» አለ።

የበሽታው ምልክት ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም። እናቱ በጣሳ ውሃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው እየተናነቀ በክርኑ ይገፋዋል፤ እሳቸው ውሃው የደፈረሰበት መስሏቸው ደፍተው ሌላ ይቀዳሉ። ያን ማኅተም ቆልፎ የሄደ ሰው እዚያ ቤት ቢቀመጥ እንዴት ደስ ባለኝ።

አሥር ቀን ጠብቁ ያለን ባለሙያ የሚናገረውን አያውቅም ነበር። ሕጉ ክትባቱን በዚያው ቀን ጀምሮ ውሻውን መጠበቅ ነው፤ ውሻው አሥር ቀን ደኅና ሆኖ ከቆየ ያኔ ይቋረጣል። ሳይጀምሩ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ጠብቅ ቢሉህ አትውጣ፣ እዚያው ተቀመጥ፣ ጩኽ። ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ እጠብ። የሌላ ከተማን ክትባት ስልክ ደውለህ መኖሩን ሳታረጋግጥ መንገድ አትጀምር። ከሁሉ በፊት ግን ራስህ ሳትከተብ የማንንም ውሻ አንገት አትያዝ፤ አበሉ ይቅርብህ፣ ዘመቻውም ይዘግይ።

እኔ ዛሬም እከትባለሁ። ጓሳ ላይ የሚቦርቁ የቀበሮ ቡችሎች በየዓመቱ ሳይ፣ ጓደኛዬ ከከተባቸው መንደሮች በላይ ያሉት እንደሆኑ አውቃለሁና እኮራበታለሁ። የራሱ የክትባት ካርድ የሌለው ሰው ግን ከእኔ ጋር አይወጣም። ለቀበሮ በተመደበ ገንዘብ የሰው ክትባት ለምን ይገዛል ብለው ጠይቀውኛል። መልሱን በደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ዘመቻ በደረሰ ቁጥርም ያንኑ ደብዳቤ ቀኑን ቀይሬ መልሼ አስገባዋለሁ።