ስሙ ሁሉ ለሴቷ

ከዋሽንግተን ወደ ኦሽን ሲቲ ዕቃ አመላልሳለሁ። በሩት 50 የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ሜሪላንዷ ኬምብሪጅ ስትጠጉ፣ ጥቅምት ላይ የረግረጉ ዳር ነጭ በነጭ ይሆናል። አበባ ይመስላል። አበባውማ አልፏል፤ ነጩ ዘሩ ነው፣ ንፋስ እንዲወስደው ለስላሳ ጭራ ያበቀለ ዘር።

ይህ ቁጥቋጦ በሳይንስ ስሙ ባካሪስ ሃሊሚፎሊያ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መዝግቦታል። ሕዝቡ ግን በአንድ ስም አልረካም፦ ግራውንድሰል ትሪ፣ ሲ ማይርትል፣ ሶልት ቡሽ (የጨው ቁጥቋጦ)፣ ሲልቨርሊንግ (ብርማው)፣ ኮተንሲድ ትሪ (የጥጥ ፍሬ ዛፍ)። ሶልት ቡሽ የሚለውን አልወደውም። ጨው የሚችል ቁጥቋጦ በየአገሩ ይኸው ስም ይለጠፍበታል፤ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሲ ማይርትል ቢባልም ከማይርትል፣ ማለትም ከአደስ፣ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በዘር የሚገናኘው ከአደይ አበባና ከግራዋ ጋር ነው። አዎ፣ ከኛው ግራዋ!

እንደ ግራዋም መድኃኒት ተደርጓል። ሉዊዚያና ውስጥ ማንግሊየ ብለው፣ ቅጠሉን አፍልተው ለጉንፋንና ለትኩሳት ይጠጡታል። ኮንሳምፕሽን ዊድ የሚል ስምም አለው፤ ኮንሳምፕሽን የድሮው የሳንባ ነቀርሳ ስም ነው። እኔ ግን አልቀምሰውም። ከብት የሚመርዝ ነገር አለው።

ይህ ተክል ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ናቸው። ያ ሁሉ ነጭ የሴቷ ብቻ ነው። ወንዱ ብናኙን አራግፎ ሲጨርስ ተራ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ሲልቨርሊንግ ያለውም፣ ከጥጥ ጋር ያመሳሰለውም ሴቷን አይቶ ነው። ወንዱን ማን ዞር ብሎ አየው? ሞናርክ ቢራቢሮዎች ወደ ሜክሲኮ ሲሰደዱ ከአበባው እየቀሰሙ ነው የሚያልፉት፤ እነሱ በስም አይጨነቁም።

መጋዘን ውስጥ የማውቃቸው አንድ የዚያው አገር ሽማግሌ ሃይ ታይድ ቡሽ (የባሕር ሙላት ቁጥቋጦ) ይሉታል። ይህ ስም በብዛት የሚሰጠው አብሮት ለሚበቅለው ሌላ ቁጥቋጦ ለአይቫ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ የአይቫ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ የባካሪስ ግን ተራ በተራ። ይህን ብነግራቸው ሳቁብኝ። «እኔ የምፈልገው ውሃው እስከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ ሁለቱም ይነግሩኛል» አሉ። መኪናቸውንም ከቁጥቋጦው ወዲህ ነው የሚያቆሙት።

ፈረንሳይ ወይም ስፔን ያላችሁ ባሕር ዳር ካያችሁት አትገረሙ። ከአሜሪካ ለጌጥ ተብሎ ሄዶ ረግረጉን ወረረው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ኅብረት ከወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ስላስገባው መሸጥም መትከልም ክልክል ነው። እዚህ ግን አገሩ ስለሆነ ችግኙ ይሸጣል። የምትገዙ ከሆነ «ሴቷን» በሉ።